በቁመት የተጠረዙ መጽሔቶች

ሰንጋ ተራ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጦይብ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እናቴ በጣም ሰላም ብላለች። «እህትህ ጀሚላ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና ውኃ እየጠበቀች ነው በይልኝ» ስላለች እንዳለችው ጽፌዋለሁ። እኔም ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤዎ ሲዘገይ ረሱኝ ብዬ አኩርፌ ነበር። ለካ አሚር አውቶቡሱን ጋራዥ ሲያስገባ ከነደብዳቤው አስገብቶት ኖሯል። ሹፌር ጎረቤት ያለው ሰው ፖስታ ቤት ምን ያደርግለታል ያሉኝ እርስዎ ነበሩ፤ ይኸው። በከንቱ ስላኮረፍኩ ይቅር ይበሉኝ።

አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው። የኮሌጃችን ሕንፃ ይፈርሳል። ካዛንቺስን ዛሬ ቢያዩት መንገድ ይጠፋብዎታል። ጥራዝ ሊያደርሱ ሲመጡ ምሳ ይበሉበት የነበረው ቤት ፈርሶ ቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ አግዳሚ ወንበርም አለው። እኛ ወደ ኦሎምፒያ እንዛወራለን። ለቤተ መጻሕፍቱ የተሰጠው ክፍል ግን የአሁኑን ግማሽ አያክልም። የቱ አብሮን እንደሚሄድ፣ የቱ እንደሚቀር ገና አልተነገረንም።

ስለ ጥቁሮቹ ጥራዞች መጠየቅዎ አሳቀኝ። አሉ፤ ምን ይሆናሉ? ላንቻ ከነበረው ሱቅዎ ያን ሁሉ ዓመት እየጠረዙ ያመጧቸው፣ ጥቁር ጨርቅ ለብሰው ጀርባቸው በወርቅ ቀለም የተጻፈባቸው ሁሉ እንደቆሙ ናቸው። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ይህን የጠረዘው አጎቴ ነው» እላለሁ። አለቃዬ ወይዘሮ ገበያነሽ «ሰምተናል እኮ» ይሉኛል።

ስለ ዓይንዎ ሕመም ከጋዜጣና ከስልክ ሳይሆን ከጥቁሩ መደርደሪያ ፈልጊልኝ ባሉት መሠረት ፈልጌያለሁ። ስለ ግላኮማ የሚያወሩ ሁለት ጽሑፎች አገኘሁ። ሁለቱም ከአንድ ጥራዝ ናቸው፤ ጀርባው ላይ «የሕክምና ጥናት» ይላል። ፎቶ ኮፒውን አጉልቼ ስላስነሳሁት ምናልባት ያለ አጉሊ መነጽር ይነበብልዎታል። አንደኛው ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ ነው፤ እኔ ራሴ አልጨረስኩትም። ሁለተኛው ግን ይጥማል፤ ርእሱ «ጠብታው የግድ ነው?» ይላል። ከየት እንደተወሰዱ እንዳይረሳ የጥራዙን ስም ራስጌያቸው ላይ በእስክሪብቶ ጽፌልዎታለሁ።

የግራ ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ በቀኙ ብቻ እንደሚኖሩ አይርሱ፤ በኩራዝ ብርሃን አያንብቡ። ጠብታውንስ በሰዓቱ ያደርጋሉ? ይህን አንድ ጥያቄ ሳይመልሱ ደብዳቤ እንዳይልኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ ኑሰይባ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኑሰይባ፣ ለጀሚላ ልጅ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። እናትሽን ውኃው ሲመጣ እኔንም ታስታውሰኝ በያት። ልጄ ረውዳ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ አሚር በር ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ ፖስታውን ሲሰጣት እጁ በዘይት ጠቁሮ ስለነበር ሽፋኑ ላይ አውራ ጣቱ ታትሟል። ማኅተም ያለው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

የላክሽልኝን ሁለተኛውን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። እንዴት ያለ ነገር ነው የሰጠሽኝ! አንደኛውን ትቼዋለሁ፤ ሠንጠረዥ ለዓይን አይሆንም። ሁለተኛው ግን እንደ ጨዋታ ይወርዳል። የውጭ አገር ሐኪሞች ባደረጉት ጥናት ለሳምንታት ጠብታ ያቋረጡ ሕሙማን አንዳቸውም አልተጎዱም ይላል። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኔን በርበሬ እንደገባበት እያቃጠልኩ ስኖር ይህን የነገረኝ ሐኪም የለም። መንገድ ላይ ከሚሸጥ ባለ ፎቶ ወረቀት ላይ ባነበው ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። ከጥቁር ጥራዝ የወጣ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ጥቁር ጨርቅ የሚለብሰው የተመረጠ ነገር ብቻ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። አንደኛው ጽሑፍ ላይ የአራት ሰዎች ስም ከነመሥሪያ ቤታቸው ተደርድሯል። ሁለተኛው ላይ «ዝግጅት ክፍሉ» ከሚል በቀር ስም የለም። ሳስበው ሳስበው ትልቅ ሰው መሆን አለበት አልኩ። የድሮ ኪታቦቻችንን የጻፉ ሸኾች ስማቸውን የት ይጽፉ ነበር? የሚያውቅ ሰው ስሙን አያስቀድምም። ልክ ነኝ ወይስ ተሳሳትኩ? ቤተ መጻሕፍት ያለሽው አንቺ ነሽ።

ስለ ጠብታው ለጠየቅሽው፦ አብሽሪ፣ ጠብታው መስኮቱ ላይ ነው። ረውዳ በየቀኑ ታየዋለች።

ረመዳን እየደረሰ ነው፤ ዱዓ አድርጊልኝ።

አጎትሽ ጦይብ


ሰንጋ ተራ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጦይብ፣

እንኳን አደረስዎ ማለት የነበረብኝ በኢድ ሳምንት ነው። መንገዱ ተዘግቶ አሚር ሳይወጣ በመክረሙ ይኸው አረፋ ሲቃረብ ልለው ነው። ከየካቲቱ ሌላ በመጋቢት የጻፉልኝም የደረሰኝ ትናንት ነው። ያለፈውንም የሚመጣውንም በዓል አንድ ላይ ይቀበሉኝ።

መጀመሪያ በመጋቢቱ ደብዳቤ የጠየቁኝን ልመልስ። ጠብታ ያቋረጡት ሰዎች ከእነዚያ ሳምንታት በኋላ ምን ሆኑ ላሉት፣ አላውቅም። ጽሑፉ እንደማስታውሰው እዚያው ላይ ያበቃል። ግን ለምን ፈለጉት? ማለቴ፣ እንዲሁ ለማወቅ ከሆነ ደስ ይለኛል።

አሁን የእኔን ጉድ ይስሙ። ትእዛዙ መጣ። ወደ ኦሎምፒያ የሚሄዱት ጆርናሎች ብቻ ናቸው፤ ማለትም የጥናት መጽሔቶች። ሰው ለጊዜ ማሳለፊያና ለጠቅላላ ዕውቀት የሚያነበው መጽሔት ሁሉ ለወረቀት ፋብሪካ ይሰጣል ተባለ። ወይዘሮ ገበያነሽ ጥቁሩን መደርደሪያ ለእኔ ሰጡኝ፤ «የአጎትሽ ስለሆነ አንቺ ለዪው» ብለው ቀለዱብኝ። የሚለየው በሽፋን ነው፣ ቀላል ነው ብዬ ገባሁ። የትኛው ሽፋን? እርስዎ ሁሉንም አንድ ዓይነት ልብስ አልብሰዋቸዋል። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ሊቅ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሚያስተኛኝን ሁሉ ጆርናል፣ የሚያነቃኝን ሁሉ መጽሔት ብዬ ከመርኩ። ወይዘሮ ገበያነሽ ክምሩን አይተው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ አንዱን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦

«ጸሐፊው ይህን ከየት አወቀው ብለሽ ጠይቂ። ገጹ ራሱ ከመለሰልሽ ጆርናል ነው። ዝም ካለሽ መጽሔት ነው።»

ወላሂ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራው ሱስ ሆኖብኛል። ጆርናሉን ሲጠይቁት ይመልሳል፤ ማን እንደጻፈው፣ የት እንደሚሠራ፣ ስንት ሰው እንዳየ፣ እንዴት እንደለካ፣ ከማን ከማን እንደተማረ በመጨረሻው ላይ በዋቢነት ይዘረዝራል። ከመታተሙ በፊትም ሌሎች የሙያው ሰዎች አንብበው ይተቹታል፤ አንዳንዱ ላይ መቼ ቀርቦ መቼ ተቀባይነት እንዳገኘ ሳይቀር ተጽፏል። ደግሞ የሚያስቀኝ፣ ወደ መጨረሻው ሲደርሱ «የዚህ ጥናት ጉድለት» ብለው ራሳቸውን ይከሳሉ። መጽሔቱ ግን ሁሌም እርግጠኛ ነው። ምንም ነገር አይጠረጥርም።

ስለዚህ ስማቸውን ስለማይጽፉት ሸኾች ያሉኝ ቆንጆ ሐሳብ ቢሆንም ለዚህ ሥራ የሚሆን አይመስለኝም። እዚህ ስሙን የሚጽፈው ለመመስገን ሳይሆን ሲሳሳት እንዲያዝ ነው ይላሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

አሁን ጠራዡን የምጠይቀው አለኝ። አንዳንዱ ጥራዝ ግራ ያጋባኛል። የገጹ ቁጥር ሁለት መቶ አሥር፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ እያለ በደንብ ሲሄድ ይቆይና ድንገት ከአንድ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያሉት ገጾች ደግሞ ይዘላሉ፤ አንድ ቅጠል እዚህ፣ አንድ ቅጠል እዚያ የለም። ማን ቀደደው? ተማሪ ነው እንዳልል ቅጠሉ ከሥሩ በምላጭ ነው የተቆረጠው፣ በጣም በንጽሕና። እስቲ ያስታውሱ እንደሆነ።

ኑሰይባ


ኮምቦልቻ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኑሰይባ፣

ሰላምታሽም ሁለቱም ኢዶችሽም ደርሰውኛል። ደብዳቤሽን ያነበበችልኝ ረውዳ ናት፤ ሰሞኑን ትንሽ ብርሃኑ ስለሚያስቸግረኝ ነው እንጂ ምንም አይደለም። ያቺ አለቃሽ የምትገርም ሴት ናት። ገጹን ጠይቂው ማለቷን ለመስጊድ ጓደኞቼ ሁሉ ነገርኩ። ትናንት አንዱ የሰማውን ወሬ ሲያወራ ሌላው «ከየት አወቅከው?» ቢለው ተቆጥቶ ሊሄድብን ነበር።

ያን በንጽሕና የቆረጠውን ሌባ አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ።

የዚያን ጊዜ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ አጥናፉ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ አንቺ አልደረስሽባቸውም። ሽፋን ይነሣ፣ ማስታወቂያ ይውጣ፣ ቦታ አይፍጅብኝ ይሉ ነበር። ስለዚህ የሳሙናውን፣ የጥርስ ሳሙናውን፣ የሎተሪውን ቅጠል ሁሉ በምላጭ እያወጣሁ ሱቄ ደጃፍ ላይ ለሚመጡ ልጆች እሰጥ ነበር፤ ላንቻ ደብተሩን በሳሙና ማስታወቂያ ያልሸፈነ ተማሪ አልነበረም። ገጽ ዘልሎ ካየሽ እዚያ የነበረው ማስታወቂያ ነው። ከኮሌጁ የጥናት መጽሔት ግን አንድም ቅጠል አላወጣሁም፤ እነሱ ከጽሑፍ በቀር የሚሸጡት አልነበራቸውም።

ቁጥሩ እንደገና ከአንድ የሚጀምረው ደግሞ በቁመት ስለምጠርዝ ነው። አትሳቂ። ቀጭን ጥራዝ ጀርባው ጽሑፍ አይይዝም፤ ጨርቁም ካርቶኑም ለእሱ ብቻ አይቆረጥም። የኮሌጁ መጽሔት በዓመት የሚወጣው ጥቂት ስለነበር ጥራዙን አይሞላም። ስለዚህ ቁመቱ እኩል የሆነ የአማርኛ የጤና መጽሔት ፈልጌ ከኋላው እጨምርለት ነበር። ሁለቱም ስለ ጤና ነው፣ ሁለቱም በአማርኛ ነው፣ ሲከረከሙ አንድ ልክ ይወጣሉ። ጀርባው ላይ የፊተኛውን ስም እጽፋለሁ። አቶ አጥናፉ አይተው «የዛሬው አምሮብሃል» አሉኝ እንጂ ማንም አልተናገረኝም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ጉድለቴ ይህ ነው ብለው ይጽፋሉ ያልሽው እውነት ነው? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስነግድ ለደንበኛ «ይህ ኮላ በክረምት ይላቀቃል» ብዬ አላውቅም። ይህን ብለው እንዴት የሚያምናቸው ሰው ያገኛሉ? ነው ወይስ የሚታመኑት ስለዚህ ነው? እስቲ አስቢበትና ጻፊልኝ።

አጎትሽ ጦይብ

(ከደብዳቤው ጀርባ፣ በሌላ እጅ ጽሑፍ)

ኑሲ፣ ረውዳ ነኝ። ፖስታውን የማሽገው እኔ ስለሆንኩ ይህን አያይም። ስልክ ብደውል አጠገቤ ነው፤ ይሰማኛል። አባዬ ጠብታውን ትቷል። ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ ነው፣ እኔም በየቀኑ ሳየው ያደርጋል ብዬ ነበር። በረመዳን ከመግሪብ በኋላ የሚያደርግ መስሎኝ አልጠየቅኩትም። ትናንት ሳነሣው ከረመዳን በፊት የገዛሁት እስካሁን ሙሉ ነው። ስጠይቀው አንቺ የላክሽለትን ወረቀት አወጣና «ከጥናት ነው» አለኝ። ትናንትና የሻይ ብርጭቆ ሲያስቀምጥ ከጠረጴዛው ውጭ ለቀቀው። እባክሽ ንገሪው፤ እኔን አይሰማኝም፤ አንቺን ይሰማል።


ሰንጋ ተራ፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ቅር አይበልዎት። ትናንት ስደውል ሁሉንም ሰሙኝና «በወረቀት የመጣውን በወረቀት መልሺልኝ» ብለው ስልኩን ለረውዳ ሰጧት። እሺ፣ በወረቀት ይኸው። በረውዳ ግን አይቆጡ። እሷ ባትጽፍልኝ እስካሁን ስለ ሳሙና ማስታወቂያ እየሳቅኩ ነበር።

የላክሁልዎትን ኮፒ ያውጡት። «ጠብታው የግድ ነው?» የሚለውን። የፊተኛው ገጽ ቁጥር ታች ላይ አሥራ ስድስት ነው። የሚቀጥለው አሥራ ዘጠኝ ነው። መሃል ያለው ቅጠል የለም፤ ጽሑፉ ግን ምንም ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ቅጠሉን ማን እንዳወጣው፣ ምን እንደነበረበትም ባለፈው ደብዳቤዎ ራስዎ ነግረውኛል። ከጥናት መጽሔቱ አንድም ቅጠል እንዳላወጡም ነግረውኛል።

ረውዳ የጻፈችልኝን ባነበብኩበት ሰዓት ጥራዙ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ከፈትኩት። ፊተኛው እኩሌታ የኮሌጁ ጆርናል ነው። ኋለኛው እኩሌታ ቁመቱ ስለገጠመ የተጨመረው የጤና መጽሔት ነው። እርስዎ የወደዱት ጽሑፍ ያለው በኋለኛው ነው። እኔ ራስጌው ላይ «የሕክምና ጥናት» ብዬ የጻፍኩት የጥራዙን ጀርባ አይቼ ነው። ጀርባውን የጻፉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። እርስዎ የጻፉትን እኔ ገለበጥኩት፣ እኔ የገለበጥኩትን እርስዎ አመኑ። አጎቴ፣ ፈርቻለሁ።

ጽሑፉ ውሸት ነው ብዬ ብቻ ብልክልዎት «ከየት አወቅሽው?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ መጽሔቱ «የውጭ አገር ሐኪሞች» ያለውን ጥናት ፈለግሁ። ዋቢ ስለሌለው ፍለጋው አድካሚ ነበር፤ ወይዘሮ ገበያነሽ የዕቃ ማሸጉን ሥራ አስቁመው አብረውኝ ፈለጉ። የመጽሔቱን ዓመትና የመድኃኒቱን ስም ይዘን ከእንግሊዝኛዎቹ ጆርናሎች መካከል አገኘነው። ጥናቱ እውነተኛ ነው። ሰዎቹም ጠብታ ማቋረጣቸው እውነት ነው። ያቋረጡት ግን አዲስ ጠብታ ሊሞከርባቸው ስለሆነ የድሮው ከዓይናቸው እስኪወጣ ድረስ ነው። በየሳምንቱ የዓይናቸው ግፊት ይለካ ነበር። ግፊቱ የጨመረበት ሰው ወዲያው ወደ ጠብታው ተመልሷል። ከዚያ ደግሞ ማን ወደ ጥናቱ እንዳልገባ የሚናገር አንቀጽ አለ፤ እሱን ተርጉሜ ለብቻው በትልቁ ጽፌልዎታለሁ፦

«አንድ ዓይናቸው አስቀድሞ የተጎዳ ሕሙማን ጠብታ ማቋረጥ ስለማይገባቸው በዚህ ጥናት አልተካተቱም።»

አጎቴ፣ እነዚያ ያልተጎዱት ሰዎች እርስዎን አይመስሉም። እርስዎን የመሰለ ሰው በር ላይ ነው የተመለሰው። መጽሔቱ ይህን አንቀጽ ዘለለው፤ ክፋት አስቦ አይመስለኝም፣ ረዥምና ደረቅ ስለሆነ ነው።

ረውዳ አንደኛውን ጽሑፍ ታንብብልዎት፣ ያንን ሠንጠረዥ የሞላበትን። እኔም አሁን ነው የጨረስኩት። የኮሌጁ መምህራን እዚሁ አገር ስለ እኛ ሰዎች የጻፉት ነው። ዓይናቸው ጠፍቶ ከመጡት ብዙዎቹ ጠብታውን ያቆሙት ስላላመማቸው ነው ይላል። ሕመሙ አያምም፤ ከጠርዝ ጀምሮ ነው የሚወስደው። ያ አሰልቺ ጽሑፍ መጀመሪያውኑ እጅዎ ላይ ነበር። እኔ ነኝ ይጥማል ብዬ ወደ ሌላው የመራሁዎት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ማግሥት ደሴ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ለእኔ ሲሉ ይሂዱ። ሁለተኛ ስለ ወረቀት የምጽፍልዎት ዓይንዎን ካየው ሐኪም ቃል ሲደርሰኝ ነው።

ኑሰይባ


ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኑሰይባ፣

ወዐለይኩሙ ሰላም። መዘግየቴን ይቅር በይኝ፤ የዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ራሴ ካልጻፍኩ ብዬ ረውዳን ስለከለከልኳት ነው፤ በቀን ጥቂት መስመር ብቻ ነው የምጽፈው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በዐስር ሶላት ሰዓት ነበር። ረውዳ አንብባልኝ ስትጨርስ ጠብታውን አምጪው አልኳት። አፍሬ ነበር። በማግሥቱ ደሴ ሄድን። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ከረውዳ አትበልጥም። ጠብታውን መቼ እንዳቆምኩ ስነግራት ብዕሯን አስቀምጣ ዓይኔን እንደገና መረመረችው። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አዲስ ጠብታ ጨመረችልኝ፤ ይህኛው ብዙም አያቃጥልም። ያኔውኑ ያቃጥለኛል ብዬ ብነግራቸው ይቀይሩልኝ ነበር አሉ። ለካ የሚጠየቀው ገጽ ብቻ አይደለም፣ ሐኪምንም መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ጠየቅኳት። ይህ ጠብታ ይሠራል የምትይኝ ከየት አውቀሽ ነው፣ በስንት ሰው ላይ አያችሁት፣ እንደ እኔ አንድ ዓይና የሆነ አለበት ወይ አልኳት። ረውዳ በኀፍረት መሬት ልትገባ ደረሰች። ልጅቱ ግን ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ አንድ በአንድ መለሰችልኝ። የማታውቀውን አላውቅም አለች። ያን ጊዜ አመንኳት። ባለፈው የጠየቅሁሽን ጥያቄ እንዳትመልሺልኝ፤ መልሱን አግኝቼዋለሁ።

ጥራዙ ከአለቃሽ ማስታወሻ ጋር በአሚር እጅ ደርሶኛል። አለቃሽን አመስግኚልኝ፤ ከፋብሪካው አድና ለእኔ መላኳ ትልቅ ነገር ነው። እንዳለችው ፈታሁት። ክሩን የቆረጠችው ረውዳ ናት፤ ጀርባውን በእንፋሎት ያላቀቅሁት እኔ ነኝ። ኮላው አሁንም ጥርስ አለው፣ ልኩራበት እንጂ። የኮሌጁን ጆርናል ለብቻው ጠርዤ መልሼልሻለሁ፤ ቀጭን ነው፣ ጀርባው ጽሑፍ ስለማይይዝ ስሙን ፊቱ ላይ ጽፌዋለሁ። ኦሎምፒያ ስትገቡ ከወፍራሞቹ መሃል እንዳይጠፋ።

መጽሔቱን እዚሁ አስቀርቼዋለሁ። አልጠላሁትም። ረውዳ ሕፃን ሳለች ተቅማጥ ይዟት ውኃ በስኳርና በጨው በጥብጠን ማጠጣት የተማርነው ከእንዲህ ያለው መጽሔት ነበር። ጎረቤት መጥቶ ሲያነበው ደስ ይለኛል። የጥቁሩን ጨርቅ ግን አውልቄ በአበባ ጨርቅ ሸፍኜዋለሁ፤ ረውዳ ከመጋረጃ የተረፈ ሰጠችኝ። አሁን የሚያየው ሰው ምን እንደሆነ ከሩቅ ያውቀዋል።

አሁን ያዘገየሁትን ልንገርሽ። ይህ ደብዳቤ ከወረቀቱ ግራ አራት ጣት ያህል ገብቶ መጀመሩን አይተሽ ይሆናል። የነገረችኝ ረውዳ ናት። እኔ ከጠርዙ የጀመርኩ ነበር የመሰለኝ።

በደህናው ዓይኔ በኩል የሄደው እሱ ነው፤ የግራው ጠርዝ። የሄደው አይመለስም ብላኛለች ሐኪሟ። የቀረውን ግን ጠብታው ሊያቆይልኝ ይችላል፤ «ይችላል» ነው ያለችው፣ «ያቆያል» አላለችም፤ ቃሏን እንዳለ ጽፌልሻለሁ። ጠዋትና ማታ ረውዳ ቆማ ታደርግልኛለች። አንቺ ወረቀቱን የላክሽልኝ ስለለመንኩሽ ነው፤ ይህን ጥፋት እኔ ላይ እንጂ አንቺ ላይ እንዳትጭኚው። ብታለቅሺ አልወድም። እኔ አንድ ቀን አልቅሻለሁ፤ ለሁለታችንም ይበቃል።

ለእናትሽ እውነቱን ንገሪያት፣ አትሸፋፍኚላት። ከከፋት ግን ይህን ጨምሪላት፦ ጠራዥ ዕድሜውን ሙሉ ሰው የሚለምነው በግራ በኩል ሰፊ ቦታ እንዲተውለት ነው፤ መርፌው የሚገባው እዚያ ነው። ማንም ሰምቶኝ አያውቅም ነበር። ከእንግዲህ የምጽፍልሽን ደብዳቤዎች አንድ ቀን የሚጠርዛቸው ሰው አይቸገርም።

አጎትሽ ጦይብ